ከመሪው ሳሎን የሚነሳ ጦርነት

ጁን 15 ቀን 2025 የታይላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ፔቶንግታርን ሺናዋትራ ከካምቦዲያው ሁን ሴን ጋር በስልክ ተነጋገረች። ሁን ሴን ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር አልነበረም። ወንበሩን በ2023 ለልጁ ለሁን ማኔት አስረክቦ የሴኔት ፕሬዚዳንት ሆኗል። ዋናው ሰውዬ ግን አሁንም እሱ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ፔቶንግታርን ደግሞ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የታክሲን ሺናዋትራ ልጅ ናት። ታክሲንና ሁን ሴን የረጅም ጊዜ ወዳጆች ነበሩ፤ እንደ ወንድማማች ነበር የሚተያዩት። ስለዚህ ሁን ሴንን «አጎቴ» እያለች ነው የምታዋራው።

ከዚያ በፊት፣ ሜይ 28 ቀን፣ ድንበሩ ላይ በተነሳ ተኩስ አንድ የካምቦዲያ ወታደር ተገድሏል። ፔቶንግታርን ነገሩን በቤተሰብ መንገድ ልታበርደው ፈለገች። ድንበሩን የሚጠብቀው የራሷ አገር የጦር አዛዥ የሚለውን እንዳይሰማ፣ ሰውዬው ጀብደኛ መስሎ መታየት የሚወድ እንደሆነ ነገረችው። የሚፈልገው ነገር ካለም ለእሷ እንዲነግራት ጠየቀችው።

አጎት ግን ስልኩን እየቀዳው ነበር። ቅጂውን ለ80 ያህል ሰዎች አካፈለ። ሾልኮ ወጣ። ከዚያ ራሱ ሁን ሴን ሙሉውን ለሕዝብ ለቀቀው። ባንኮክ ተናወጠች። ጁላይ 1 ቀን ፔቶንግታርን ከሥራ ታገደች። ጁላይ 24 ቀን ሁለቱ አገሮች በመድፍና በሮኬት መደባደብ ጀመሩ፤ ታይላንድ የጦር አውሮፕላን ሳይቀር አሰማራች። በአምስት ቀን ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ። ኦገስት 29 ቀን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፔቶንግታርንን ከሥልጣን አሰናበታት። በዲሴምበር ውጊያው እንደገና አገረሸ።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአገራችንን ታሪክ ሳነሳ ዓ.ም. እላለሁ።)

ይህን ታሪክ በሁለት መንገድ መተረክ ይቻላል። በመጀመሪያው መንገድ ጉዳዩ የድንበር ጉዳይ ነው። መነሻው ፈረንሳዮች የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት ያነሱት ካርታ ነው። የፕሪያ ቪሂር ቤተ መቅደስ የካምቦዲያ እንደሆነ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1962 ወስኗል። ከ2008 እስከ 2011 ባለው ጊዜም እዚያው አካባቢ ተዋግተዋል። በሁለተኛው መንገድ ደግሞ ነገሩ የሁለት ቤተሰቦች ጠብ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። እኔን የሚገርመኝ የሚገጣጠሙበት ቦታ ነው። በ2011 የታክሲን እህት ይንግላክ ሺናዋትራ ጠቅላይ ሚኒስትር ስትሆን ድንበሩ ረግቶ ነበር። አንዱ ምክንያት ያው ወዳጅነት ነው። ሰላሙ በሁለት ቤቶች ፍቅር ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ፍቅሩ ሲያልቅ ሰላሙን ደግፎ የሚያቆም ሌላ ነገር አልነበረም።

ወዳጅነቱ ለምን ሻከረ? ብዙ ተብሏል። አንዳንዱ ቂም ይላል፣ አንዳንዱ ድንበር ላይ ያሉትን የቁማር ቤቶች ጥቅም ያነሳል፣ አንዳንዱ ለልጁ የጀግንነት ስም ለመስራት ነው ይላል። የሁን ሴንን ልብ ከፍቶ ያየ ስለሌለ እዚያ ላይ አልፈርድም። ግን ጥያቄው ከታይላንድና ከካምቦዲያ ሰፋ ይላል። የአንድ ሰው ቂም፣ የአንድ ሰው ዝና፣ የአንድ ሰው ልጅ እንዴት ነው አገር ለአገር የሚያጋጨው?

የሚከፍለው ሌላ፣ የሚያተርፈው ሌላ

ጦርነት ለአገር ሁልጊዜ ኪሳራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያሸነፈውም ይከስራል። ሁለቱ ወገኖች የጦርነቱን ውጤት ቀድመው ቢያውቁት፣ ሳይዋጉ በዚያው ውጤት መስማማት ይረክሳቸዋል። ታዲያ ለምን ይዋጋሉ? የፖለቲካ ሳይንስ ሰዎች ከሚሰጧቸው መልሶች አንዱ ቀላል ነው። ወሳኙና ከፋዩ አንድ ሰው አይደለም። ገበሬው ልጁን ያጣል፣ ነጋዴው ገበያውን ያጣል፣ መሪው ግን ስሙን ሊያገኝ ይችላል። ስሙን ባያገኝ እንኳን ወንበሩን ሊያቆይ ይችላል። እዚህ ልዩነት ውስጥ ነው የግል ነገር ሰርጎ የሚገባው።

ይህን እንደ ፕሩሺያው ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ በግልጽ ያመነ ሰው ብዙ የለም። በ1740 ዙፋን ላይ ሲወጣ ገና 28 ዓመቱ ነበር። አባቱ ጨካኝ ሰው ነበር። ፍሬድሪክ ወጣት ሳለ ከአገር ሊጠፋ ሲል ተይዟል፤ አባትየው አብሮት ያሴረውን ጓደኛውን በ1730 አንገቱን አስቆርጦታል። ይሄው አባት ሲሞት የሞላ ግምጃ ቤትና 80,000 ያህል የሰለጠነ ሠራዊት ትቶ ሄደ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ሞተና ዙፋኑን የ23 ዓመቷ ልጁ ማሪያ ቴሬዛ ወረሰች። ፍሬድሪክ ሁለት ወር አልቆየም። ዲሴምበር ላይ የኦስትሪያ ግዛት የነበረችውን ሲሌዢያን ወረረ። በቀጣዩ ዓመት ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ለዚህ ያነሳሳው ወጣትነቱ፣ የዝና ጥማቱ፣ ስሙን ጋዜጣ ላይ የማየት ምኞቱ እንደሆነ አልደበቀም። በእርግጥ ሲሌዢያ ሀብታም ግዛት ነበረች፤ ፕሩሺያም በዚያ ምክንያት ትልቅ አገር ሆናለች። ጦርነቱ ግን እስከ 1748 ቆየ፤ ግማሽ አውሮፓን ጎተተ። ጋዜጣውም ስሙን ጻፈ።

ፍቅር የያዘው ኤታማዦር ሹም

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ደጋግሞ የሚያስገርመኝ የኦስትሪያ-ሃንጋሪው ኤታማዦር ሹም የኮንራድ ፎን ሄትዘንዶርፍ ነገር ነው። ኮንራድ ሚስቱ የሞተችበት፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ነበር። በ1907 ጂና ፎን ራይኒንግሃውስ የምትባል ባለትዳርና የስድስት ልጆች እናት አፈቀረ። ፍቅሩ እንዲህ ዝም ብሎ የሚያልፍ ዓይነት አልነበረም። በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ጻፈላት፤ አብዛኛውን አልላከውም። በዚያ ዘመን በካቶሊኳ ቪየና ባሏን ፈትታ እሱን ብታገባ ቅሌት ነው። ሹመቱም አደጋ ላይ ይወድቃል። እሱ ግን መውጫ መንገድ አግኝቶ ነበር። ከትልቅ ጦርነት ድል አድርጎ የተመለሰ ጀግናን ማን ይነካዋል? ይህንን ተስፋ በደብዳቤዎቹ ውስጥ አስፍሮታል።

ኮንራድ በ1913 ብቻ ሰርቢያን እንውጋ ብሎ 25 ጊዜ ሃሳብ አቅርቧል። እንዳይሆን አጥብቆ ይከለክለው የነበረው አንድ ሰው የዙፋኑ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ነበር። ጁን 28 ቀን 1914 ፈርዲናንድ ሳራዬቮ ላይ ተገደለ። ከዚያ ወዲያ ኮንራድን የሚይዝ እጅ ላላ።

እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው የዓለም ጦርነት የተነሳው ሽማግሌ ሴት ስላፈቀረ ነው ማለት ቀልድ ይሆናል። ኮንራድ ሰርቢያን መውጋት ይፈልግ የነበረው ግዛቱ ከውስጥ እየፈረሰ ነው ብሎ ስለሚያምን ጭምር ነው። በርሊን ነበረች፣ ፒተርስበርግ ነበረች፣ የባቡር መርሐ ግብርና የክተት ዕቅድ ነበረ። ፍቅሩ የሚያስረዳን ሌላ ነገር ነው። አንድ ባለሥልጣን ከ25 ጊዜ በላይ «አይሆንም» ተብሎ ለምን እንደማይታክት። ኦክቶበር 1915 ጂናን አገባት። ልጁ ኸርበርት ግን ሠርጉን አላየም፤ ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ወር ራቫ ሩስካ ላይ ሞቷል።

«ከጋዜጣ ይስማ»

ኩርፊያ ጦርነት ያስነሳል ቢባል ማን ያምናል? የሙሶሊኒን የግሪክ ዘመቻ ያየ ያምናል።

በ1940 መኸር ሙሶሊኒ ተናዷል። ሂትለር እሱን ሳያማክር አገር ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ ይነግረዋል። ኦክቶበር ላይ የጀርመን ወታደሮች ሮማኒያ ሲገቡ ትዕግሥቱ አለቀ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጋሌአትሶ ቻኖ በማስታወሻ ደብተሩ እንደመዘገበው፣ ሙሶሊኒ በሰፈረበት ቁና ልሰፍርለት ነው፣ ግሪክን መያዜን ከጋዜጣ ይስማ ብሎ ፎከረ። ቻኖ እንዲሁ ሚኒስትር ብቻ አይደለም። የሙሶሊኒ አማች ነው፤ ልጁን ኤዳን በ1930 አግብቷል። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ውጭ ጉዳይን የተረከበ ሰው ነው። ጣሊያን ይዛት የነበረችውን አልባኒያን የእኔ ግዛት ይል ነበር። ግሪክንም በቀላሉ እንይዛለን ባዮቹ መካከል ግንባር ቀደሙ እሱ ነበር።

ኦክቶበር 15 ቀን ስብሰባ ተደረገና ተወሰነ። የሚገርመው ነገር፣ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሙሶሊኒ ራሱ በጣሊያን ከነበረው ሠራዊት ግማሹን ያህል አሰናብቶ ነበር። ዝናቡ ደርሷል፣ ተራራው አለ፣ ወታደሩ ቤቱ ገብቷል። ቢሆንም ኦክቶበር 28 ቀን ዘመቱ። ግሪኮች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መልሰው ወደ አልባኒያ ገፏቸው። በኤፕሪል 1941 ጀርመን ገብታ እስክታድናቸው ድረስ ጣሊያኖቹ በረዶ ውስጥ አለቁ።

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ «ይሄ አያዋጣም» ብሎ በልቡ የሚያስብ አልጠፋም ነበር ማለት ይቻላል። ከወታደሮቹ የጠረጠሩ ነበሩ። ግን አለቃው ተናዷል፣ አማቹ ያበረታታል፤ በዚያ መሀል ቁጥር ይዞ የሚከራከር መኮንን ምን ይሰማል? ቤተሰብ ሥልጣን ውስጥ ሲገባ ከሚያመጣቸው ነገሮች ትልቁ ይሄ ይመስለኛል። ሙስናውን ተዉት፤ እሱ የታወቀ ነው። ዋናው ነገር፣ መሪው ጆሮ አጠገብ የተቀመጠው ሰው በችሎታው ሳይሆን በዝምድናው የተቀመጠ ሲሆን፣ ማንም «ተሳስተሃል» የሚለው አይኖርም። የቻኖ መጨረሻም አላማረም። በጁላይ 1943 በታላቁ የፋሺስት ሸንጎ አማቱን የሚያወርደውን ውሳኔ ደግፎ ድምፅ ሰጠ። ጃንዋሪ 11 ቀን 1944 ቬሮና ላይ በጥይት ተደበደበ። የኤዳ ልመና አላዳነውም።

ዝምድና ያስታርቃል ወይስ ያዋጋል?

በ1914 የሦስቱ ኃያላን ነገሥታት ዘመዳሞች ነበሩ። የጀርመኑ ዊልሄልምና የእንግሊዙ ጆርጅ 5ኛ ሁለቱም የንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ልጆች ናቸው። የሩሲያው ኒኮላስና ጆርጅ እናቶቻቸው እህትማማች ናቸው። የኒኮላስ ሚስት ደግሞ የቪክቶሪያ የልጅ ልጅ ናት። ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ዊልሄልምና ኒኮላስ «ዊሊ»፣ «ኒኪ» እየተባባሉ ቴሌግራም ይላላኩ ነበር። ምንም አልፈየደም።

ከዚህ ተነስተን ዝምድና ለሰላም አይረባም ልንል እንችላለን። ግን መረጃው እንደዚያ አይልም። ተመራማሪዎች ከ1495 እስከ 1918 የነበሩትን የአውሮፓ ነገሥታት የዘር ሐረግ ከጦርነቶቻቸው ጋር አስተያይተው ነበር። ሁለት ቤተ መንግሥቶችን የሚያገናኝ ዘመድ በሕይወት እያለ ጦርነት ይቀንሳል፤ ያ ሰው ሲሞት ይጨምራል። የታይላንድና የካምቦዲያው ታሪክ እዚህ ይገባል። ዝምድና ያስታርቃል፤ የሚያስታርቀው ግን ክሩ እስካልተበጠሰ ድረስ ነው። ክሩ ደግሞ ሰው ነው። ያረጃል፣ ይሞታል፣ ይቀየማል።

ዝምድናው አንድ ዙፋን ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። የሰገሌን ጦርነት እናንሳ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን መሻራቸው ታወጀ። በምትካቸው የነገሡት ዘውዲቱ የምኒልክ ልጅ ናቸው፤ ለኢያሱ አክስት ማለት ነው። ኢያሱ በእናታቸው የምኒልክ የልጅ ልጅ ናቸው። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ የምኒልክ አማች። አልጋ ወራሽ የተባሉት ተፈሪም የምኒልክ የአክስት ልጅ የራስ መኮንን ልጅ ናቸው። ከላይ እስከ ታች የአንድ ቤት ጠብ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ሲሉ የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድን ድል አድርገው ገደሏቸው። ጥቅምት 17 ቀን ግን፣ ኢያሱ በተሻሩ በወሩ፣ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ።

ንጉሥ ሚካኤል መዝመት አልነበረባቸውም ማለት ከሩቅ ሆኖ ቀላል ነው። ልጃቸው ብቻ አልነበረም የተነካው። የንግሥና ማዕረጋቸውን ያገኙት በልጃቸው ዘመን ነው። ልጁ ከወደቀ እሳቸውም ወሎም አብረው ይወድቃሉ። የአባትነት ፍቅር የት ጋ አልቆ የሥልጣን ስሌት የት ጋ እንደጀመረ ራሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም።

የክብር ነገርም አለ። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነትና ባለሙያ ጠይቀው የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። ቆንስሉ ካሜሮን ባዶ እጁን ተመለሰ። ታሰረ። ሌሎች አውሮፓውያንም ታሰሩ። ነገሩ ያለቀው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ነው። እዚህ ላይ ቁጣውን ለንጉሡ ጠባይ ብቻ መስጠት አይገባም። በዚያ ጊዜ አገሩ ከዳር እስከ ዳር ሸፍቶባቸዋል፤ የተናቀ ንጉሥ ሆኖ መታየት ለሳቸው የስሜት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በሌላ በኩል ለንደን ውስጥ አንድ ጸሐፊ አጭር መልስ ቢጽፍ ኖሮ 13,000 ያህል ወታደር ባሕር ተሻግሮ አይመጣም ነበር ብሎ ማሰብም ይቻላል።

ክብር የኋላ ቀር ዘመን ጣጣ ነው ለሚል ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ የክብር ባህል ጠንካራ በሆነበት በደቡቡ ክፍል ያደጉትን ከሌሎቹ ጋር አወዳድረዋል። በደቡቦቹ ዘመን የተነሱ ግጭቶች ወደ ኃይል የመሄድ ዕድላቸው እጥፍ ነው፤ የሚቆዩትም እጥፍ ያህል ነው።

የግል ሰበብ የሚያታልልበት ጊዜ

ሴፕቴምበር 26 ቀን 2002 ጆርጅ ቡሽ ሂዩስተን ላይ ንግግር ሲያደርግ ስለ ሳዳም ሁሴን አንድ ነገር አመለጠው። ይሄ ሰው እኮ አባቴን ሊገድል የሞከረ ነው አለ። በ1993 አባትየው ኩዌትን ሲጎበኝ የግድያ ሴራ ነበር ተብሎ የክሊንተን መንግሥት በ23 ሚሳይሎች የኢራቅን የስለላ መሥሪያ ቤት መትቶ ነበር። ከሂዩስተኑ ንግግር ከስድስት ወር በኋላ አሜሪካ ኢራቅን ወረረች። የጅምላ ጨራሽ መሣሪያው ሲፈለግ ታጣ። ብዙ ሰው «በቃ፣ የአባቱን ደም ሊመልስ ነው የሄደው» አለ።

ይሄ ማብራሪያ ይጥማል። ለዚህም ነው የምጠረጥረው። ለኢራቅ ጦርነት በተወካዮች ምክር ቤት 296፣ በሴኔት 77 ሰዎች ድጋፍ ሰጥተዋል። ከሴፕቴምበር 11 በኋላ የነበረው ፍርሃት አለ። ለዓመታት ሳዳም መወገድ አለበት ሲሉ የነበሩ አማካሪዎች አሉ። የተነገራቸውን መረጃ ሳይመረምሩ የጻፉ ጋዜጦች አሉ። ነገሩን ሁሉ አባትና ልጅ ላይ ስንጭነው እነዚህ ሁሉ ነፃ ይወጣሉ። የአባቱ ነገር ቡሽን በኢራቅ ጉዳይ ለማሳመን ቀላል አድርጎት ይሆናል። ከዚያ በላይ መሄድ ግምት ነው።

የግል ምክንያት ሲጠቀስ እኔ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ያ ምክንያት ባይኖር ማን ነበር የሚያስቆመው? ሙሶሊኒ ባይናደድ ኖሮ በዚያ ዝናብ ግሪክን የሚወጋ ጄኔራል አልነበረም። ቡሽ ባይቀየም ግን ጦርነቱን የሚፈልጉ በዙሪያው ሞልተው ነበር።

መውጫ የሌለው ወንበር

ዝናም ቂምም ፍቅርም ከባድ ነገሮች ናቸው። በእኔ ግምት ግን በዚህ ዘመን ከሁሉም የሚያሰጋው ፍርሃት ነው። ያውም ከወንበር የመውረድ ፍርሃት።

መሪዎች ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ ምን እንደሚገጥማቸው ያጠኑ ሰዎች ያገኙት ነገር አለ። ሲወርድ ቤቱ ገብቶ የሚጦር መሪ፣ ጦርነት ሲከፋበት ይደራደራል። ሲወርድ እስር ቤት ወይም መቃብር የሚጠብቀው ግን እየተሸነፈ እንኳን ይቀጥላል። ትንሽ ቢሸነፍም ብዙ ቢሸነፍም ለእሱ ያው ነው። ስለዚህ ይቆምራል። የአርጀንቲናው ጄኔራል ጋልቲዬሪ በማርች 1982 ኢኮኖሚው ወድቆበት ነበር። ማርች 30 ቀን ቦነስ አይረስ ውስጥ ሠራተኞች ሲሰለፉ ፖሊስ ደበደባቸው። ኤፕሪል 2 ቀን የአርጀንቲና ጦር ማልቪናስ፣ እንግሊዞቹ ፎክላንድ የሚሏቸው ደሴቶች ላይ ወረደ። ያችው ከተማ በደስታ ጩኸት ተሞላች። ዕቅዱ ቀድሞ የተነደፈ ነው፤ በሦስት ቀን አልመጣም። ግን ያ ጩኸት ለጋልቲዬሪ ምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። በጁን ተሸነፈ፣ ወዲያው ወረደ። 649 አርጀንቲናውያንና 255 የእንግሊዝ ወታደሮች ሞተዋል።

ቤተሰብ ሲጨመርበት ይህ ፍርሃት ይባዛል። ብቻውን የሆነ አምባገነን ሻንጣውን ይዞ ሊጠፋ ይችላል። ወንድሙ ክፍለ ጦር የሚመራ፣ ዘመዱ የስልክ ኩባንያ የያዘ ሰው ግን ቢወርድ የሚወርደው ከነቤቱ ነው። ሶሪያን ተመልከቱ። በማርች 2011 ደርዓ ከተማ ውስጥ ግድግዳ ላይ ጽፋችኋል ተብለው ልጆች ታሰሩ፣ ተገረፉ። የከተማው ሰው ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የአካባቢው የፖለቲካ ደህንነት ኃላፊ አቴፍ ናጂብ እንዲጠየቅ ነበር። አቴፍ ናጂብ የበሽር አል-አሳድ የአክስት ልጅ ነው። በሽር ያኔ የአክስቱን ልጅ ፍርድ ቤት ቢያቀርብ ነገሩ በዚያ ይበርድ ነበር ወይ? ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። አላቀረበውም። ለፍርድ ባለማቅረቡ ግን ለሕዝቡ ግልጽ መልስ ሰጥቷል። ዲሴምበር 8 ቀን 2024 በሽር ወደ ሞስኮ ሸሸ። አቴፍ ናጂብ የተያዘው በጃንዋሪ 2025 ነው፤ በአዲሶቹ ገዢዎች።

ሱዳን ውስጥ ደግሞ የቤተሰቡ ሠራዊት ራሱ ነው የጠቡ መነሻ። ፈጥኖ ደራሹን ጦር የሚመራው ሄሜቲ ነው፤ ምክትሉ ደግሞ ወንድሙ አብዱልራሂም ዳጋሎ ነው። ወርቅ ላይ የሚሰራው አል ጁነይድ ኩባንያም በሄሜቲና በወንድሙ ቁጥጥር ሥር እንደሆነ ገልጾ የአሜሪካ ግምጃ ቤት በጁን 2023 ማዕቀብ ጥሎበታል። ከጦርነቱ በፊት የነበረው የመጨረሻው ድርድር የተሰናከለው ይህ ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ወደ መደበኛው ጦር በምን ያህል ጊዜ ይካተት በሚለው ላይ ነበር። ጦሩ በ2 ዓመት አለ፤ ሄሜቲ በ10 ዓመት። ለውጭ ሰው የቀን ቀጠሮ ይመስላል። ለዳጋሎ ቤት ግን ጠመንጃውን አስረከበ ማለት ወርቁንም፣ ወንድሙንም፣ ነገውንም አስረከበ ማለት ነው። የጦሩ ጄኔራሎችም የራሳቸው ኩባንያዎች አሏቸው፤ በዚያው ቀን እነሱም ላይ ማዕቀብ ተጥሏል። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል።

በምርጫ የሚመጡ መሪዎችስ? እዚያም አለ፤ መልኩ ይለያል። የእስራኤሉ ቤንያሚን ኔታንያሁ በጉቦ፣ በማጭበርበርና በእምነት ማጉደል በ2019 ተከሶ ችሎቱ በ2020 ተጀምሯል። ጥፋተኛ አይደለሁም ይላል። ተቺዎቹ የጋዛን ጦርነት ያራዘመው ከሥልጣን እንዳይወርድ ነው ይሉታል፤ እሱ ይክዳል። ጦርነቱን የከፈተው ያ ክስ አይደለም። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 በሐማስ ጥቃት 1,200 ያህል ሰው ተገድሏል፤ ወንበሩ ላይ ማንም ቢኖር እስራኤል ትዘምት ነበር። ጥያቄው መቼ ይቁም በሚለው ላይ ነው። እዚህ ጋ አንድ የሚታይ ነገር አለ። በጃንዋሪ 2025 ተኩስ አቁም ሲፈረም የቀኝ አክራሪው የቤን ግቪር ፓርቲ ከጥምር መንግሥቱ ወጣ። በማርች ድብደባው ሲቀጥል ተመለሰ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ልብ ውስጥ ምን እንዳለ ሳንገምት፣ ሰላም መንግሥቱን እንደሚያሳንስበት፣ ጦርነት ደግሞ እንደሚሞላለት ከዚህ ማየት ይቻላል።

ለመውረድ የሚፈራን መሪ እንዴት ታወርደዋለህ? ንጹህ መልስ ያለው ሰው አላገኘሁም። የላይቤሪያው ቻርልስ ቴይለር በጁን 2003 አክራ ውስጥ ለሰላም ድርድር ተቀምጦ ሳለ በሲየራ ሊዮን በፈጸመው ወንጀል የተመሠረተበት ክስ ይፋ ሆነ። ድርድሩን ጥሎ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በሞንሮቪያ ለሁለት ወራት ሲያፋጅ ከረመ። ኦገስት 11 ቀን ናይጄሪያ መጠጊያ ልስጥህ ስላለችው ለቀቀ። ጦርነቱ ቆመ። በ2006 ተይዞ ለፍርድ ቀረበ፤ በ2012 50 ዓመት ተፈረደበት። እጅና እግራቸው የተቆረጠ የሲየራ ሊዮን ሰዎች ይህን ፍርድ ማግኘት ነበረባቸው፤ ማንም አይከራከርም። ሆኖም መጠጊያ ተሰጥቶት ኋላ የተያዘውን ሰው ታሪክ በየቤተ መንግሥቱ ያሉትም ተከታትለውታል። ቀጣዩ አስታራቂ «ልቀቅ፣ ማንም አይነካህም» ሲል የሚሰማው ሰው የቴይለርን ስም ያነሳበታል።